የሐዋሳ ዝናብና የግሬፕቫይን ወፎች

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ካሮልተን ከተማ ውስጥ ወፍ በማወቅ የሚደርስብኝ የለም። ማንም አላስተማረኝም፤ የተማርኩት በገዛ ዓይኔ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከልጅ ልጄ ከሶስና ጋር ግሬፕቫይን ሐይቅ ዳር በዝናብ ቆመን ሳለ የራሰ ደንገል ሸተተኝና ልቤ ሐዋሳ ገባ።

ትንሽ ልጅ ነኝ፤ ከአባቴ ጋር ጀልባ ላይ ነን። ዝናቡ ይወርዳል፣ መረቡ ባዶ ነው፣ ቤት ደግሞ እራት የለም። እኔ ግን በጉሙ ውስጥ ወፎች አንድ ቦታ ተሰብስበው ውሃው ውስጥ ሲጠልቁ አየሁ።

"አባዬ፣ ዓሣው እዚያ ነው!"

አብሮን የሚቀዝፈው ጋሽ ደምሴ ሳቀ። "ደግሞ አንተ አለቃ ሆንክብን?"

አባቴ ግን ጀልባውን አዞረ። መረቡ ከብዶ ሲወጣ ራሴን ዳበሰና፣ "ለዚህ ልጅ ይህ ሐይቅ ይጠበዋል" አለ። ሁለተኛ አይወስደኝም ማለት መስሎኝ አለቀስኩ።

"ሞኝ! እያሞገሰህ እኮ ነው" አለኝ ጋሽ ደምሴ።

"አባባ፣ ሶ ኮልድ ነው፤ ወደ መኪና እንሂድ" አለች ሶስና።

"ቆይ እንጂ፣ ያውልሽ!"

በዚያ ዝናብ ፔሊካኖቹን፣ እነዚያን ባለ ረጅም መንቁር ትልልቅ ወፎች፣ ከእሷ ቀድሜ አየሁ። ዝይን ከዳክዬ በድምፅ ብቻ ለየሁላት። ጉንፋንም አልያዘኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺን ብርድ ፈሪ፣ "አባባ፣ ትንሽ ስቴይ እናድርግ" አሰኘኋት።