አንድ ከሆነ አይቆጠርም

እርጥብ ደንገል በሸተተኝ ቁጥር ሐይቁ ዳር ኬሚስትሪ ያጠናሁበት አመሻሽ ይመጣብኛል። አያቴ አጠገቤ ተቀምጠው የአባቴን ታንኳ በዓይናቸው ይፈልጋሉ። አንድ ልጃቸው ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ ነፋስ ተነስቷል።

እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፦ ካርቦንና ኦክስጅን ኤሌክትሮን ተጋርተው ይያያዛሉ፤ ስማቸውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል።

«ዳይ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ማለት ነው፣ እማዬ። ኦክስጅኑ ሁለት ነው።»

«ካርቦኑስ?»

«እሱ አንድ ነው። መጀመሪያ የሚጠራው አንድ ከሆነ ቁጥሩ አይነገርም።»

ዓይናቸውን ከውሃው ሳይነቅሉ «ደግ አርገዋል» አሉ። «አንድ ያላት እናት አትቆጥርም። አላህ ይጠብቀው ብላ ስሙን ትጠራለች እንጂ።»

ትዝታዬ እዚያው ይቆማል፤ ውሃው ወርቅ መስሎ፣ ታንኳው ገና ሳይታይ።

ዛሬ ሰው ስንት ልጅ እንዳለኝ ሲጠይቀኝ የልጄን ስም ብቻ እነግረዋለሁ።