አንባቢ የሌለው ፈተና

አመለወርቅ ጋይንት ካለችው አርብ ገበያ ከተማ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ አባቷ አቶ ደሞዝ «ልጄ፣ ከሰው ነገር አትግቢ፤ ትምህርትሽን ብቻ» ብለው አደራ አሏት። እሺ አለች። እሺ ማለትማ ማንን ያቅታል! ሦስተኛ ዓመት እስክትደርስ ድረስ ቃሏን ጠበቀች፤ ከዚያ የልመንህ ነገር መጣ።

ልመንህ ዓይነ ስውር የክፍል ጓደኛዋ ነው። እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ዜማ ሲማር አድጎ፣ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገረ፣ አንዴ የሰማው የማይጠፋው ልጅ። በዚያ ሴሚስተር ፈተናውን እንዲያነብለት የተመደበው ሰው ሳይመጣ ቀረ። ፈታኙም ሰዓቱ ሲያልቅ ባዶውን ወረቀት ሰበሰበ። ውጤቱ ኤፍ ሆነ፤ በዚሁ ሰበብ ሊባረር ነው።

የአመለወርቅ ደም ፈላ። «ነገ ስብሰባ አለ» ብላ በቴሌግራም ለቀቀች። አውራ ጣት የላከላት ብዙ ነው፤ በአካል የመጣችው ግን የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ፀደይ ብቻ ነበረች። አፈረችም፣ ተናደደችም። ረጋ ብላ ስታስበው ጥፋቱ የራሷ ነበር። ጋይንት ውስጥ ደቦ የሚጠራ ሰው ገበያ መሃል ቆሞ አይለፍፍም፤ በየደጁ ዞሮ፣ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ፣ «ነገ ለአጨዳ ድረስልኝ» ይላል። በስሙ የተጠራ ሰው መቅረት ያፍራል። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች የሴቶቹን መኝታ ክፍል በር እያንኳኩ፣ ወንዶቹን ደግሞ ካፌ በር ላይ እየጠበቁ በየስማቸው ጠሩ። በሳምንቱ ከዲኑ ቢሮ ፊት ያለው ሜዳ በተማሪ ሞላ።

ዲኑ ነገሩ እንዳይሰፋ ሰጉ መሰለኝ፣ አመለወርቅን አስጠሯት።

«ልጁ አንባቢ ተሰጥቶት በድጋሚ ይፈተናል። አንቺም ሰዉን በትኝልን» አሏት።

ከደስታዋ ብዛት ልመንህን እንኳ ሳትጠይቅ እሺ ብላ ወጣች። ልመንህ ወሬውን ሲሰማ «እነይግዛውስ?» አላት። ይግዛውና ሁለት ጓደኞቹ ገና አንደኛ ዓመት የገቡ ዓይነ ስውራን ናቸው።

«መጀመሪያ አንተ ዳን። የእነሱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

«ስሚኝ አመለወርቅ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ቁራሽ ለምኜ ስመለስ መንገድ ላይ በልቼ አላውቅም። የሁላችንም አኮፋዳ ጎጆ ውስጥ አንድ ላይ ይዘረገፋል፤ ባዶውን የመጣውም እኩል ነው የሚበላ። አሁን መንገድ ላይ ብላ ትይኛለሽ?»

«ያባርሩሃል እኮ!»

«ያባርሩኛ።»

ዲኑ ፊት ቀርቦም ይህንኑ ተናገረ፤ ለሁሉም ካልሆነ ለእኔም ይቅርብኝ አለ። ተማሪውም ሳይበተን ዋለ። ክርክሩ ሰነበተና፣ ለእያንዳንዱ ዓይነ ስውር ተማሪ አንባቢ እንዲመደብ፣ አንባቢው ሳይገኝም ማንም እንዳይፈተን ተወሰነ። ውሳኔው ግን ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም ተባለ፤ ልመንህ እምቢ ያለው ድጋሚ ፈተናም በዚያው ቀረበት። ልመንህ ሻንጣውን ይዞ ወደ ጋይንት ተሳፈረ። አመለወርቅ መናኸሪያው ውስጥ ሰው እያያት አለቀሰች፤ እኔም ብሆን አለቅስ ነበር። አሸንፈው ነው እንዳትል ልጁ ሄዷል፤ ተሸንፈው ነው እንዳትል እነይግዛው ቀርተዋል። ብዙ ቀን ስልክ ልትደውልለት ፈልጋ፣ በምን አፏ እንደምታናግረው ጠፋት።

በቀጣዩ ሴሚስተር፣ በፈተናው ጠዋት እሱ ራሱ ደወለ።

«ልመንህ፣ ያን ቀን ሳልጠይቅህ እሺ ማለቴ...»

«እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን። ዛሬ ለይግዛው የምታነቢ አንቺ ነሽ አሉ?»

«አዎ።»

«በይ ስልኩን ዝጊና ሂጂ። አንባቢ መጠበቅ እንዴት እንደሚያስጨንቅ እኔ አውቀዋለሁ።»