የምንጩ አገልጋዮች

በጃንሆይ ጊዜ፣ ሲማዳ ውስጥ ልጅ ሳለሁ፣ የመንደራችንን ምንጭ የሚጠብቁት የአባቴ አጎት አያ ቢተው ነበሩ። ክረምቱ ሲወጣ ምንጩን ይጠርጉና ወንዝ ወርደው ውሃውን የሚያጸዱ ፍጥረታት መርጠው ያመጡለት ነበር፤ ድንጋይ የምትልስ ቀንድ አውጣ፣ ትንኝ የምትለቅም እንቁራሪት፣ የበሰበሰውንና አልቅቱን የምትበላ ትንሽ ሸርጣን። ትልቋን ሸርጣን ግን «ይቺ ሆዳም ናት፣ ባልንጀሮቿን ትጨርሳለች» ብለው ይመልሷታል።

ያኔ ማታ ማታ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ የሚነግሩን ተረትም ስለዚሁ ነበር። ውሃ አገልጋይ ፈልጋ አዋጅ አስነገረች አሉ። ወፍ መጣችና ጠጥታ ኩሷን ጥላ ሄደች። ዓሣ መጣችና የገዛ ልጆቿን በላች። በመጨረሻ ሸርጣን በመልኳ እያፈረች፣ በጎኗ እየሄደች መጥታ፣ «እኔ ርኩስ ነኝ፤ ግን የተጣለውን እበላለሁ፣ ከድንጋይ ሥርም አልወጣም» አለች። ውሃም «እንግዲያው አንቺ ቅሪ» አለቻት። እዚህ ላይ እኔና ታናሽ እህቴ ጥሩዬ በጎን እየሄድን በሳቅ እንፈርስ ነበር።

አንድ ዓመት አንዲት ሴት ዳነችበት ተባለና ምንጩ ጠበል ሆነ። ጥሩዬን ሳል ይዟት ከስታ ነበር። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ምንጩ ውስጥ ገባችና ሸርጣኑንም እንቁራሪቱንም አንድ ሳታስቀር ለቅማ አወጣች።

«ልጄ፣ ተዪ፤ የሚያጠሩት እነሱ ናቸው» አሏት አያ ቢተው።

«የእግዜርን ጠበል ርኩስ ነው የሚያጠራው? ይቅር ይበልዎ!»

ሽማግሌው ዘወር ብለው ሄዱ። በጠበል ማን ይከራከራል! እናቴንም አልፈርድባትም፤ የሚሰምጥ ሰው አረፋ ይጨብጣል።

በጋው ሲገፋ ውሃው አረንጓዴ ለበሰ። ከታች የሚጠጡት በቅሎዎች አፋቸው ይደማ ጀመር። ጥሩዬም ደም ተፋች። ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ደዌው እየለቀቃት ነው» አለ፤ እናቴም እልል ብላ ጨምራ አጠጣቻት። አያ ቢተው ሰምተው እየሮጡ ሲመጡና ኩራዝ አስጠግተው ጉሮሮዋን ሲያዩ፣ አልቅቱ ደም ጠግቦ እዚያ ተጣብቋል። በትንባሆ ውሃ አስለቀቁት። አቅሟ ግን አልቆ ነበር፤ በማግስቱ ቀበርናት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተረት ቀረ። አንድ ማታ የጎረቤት ልጆች ለምነዋቸው አያ ቢተው ጀመሩ። እናቴ ጥግ ተቀምጣለች። ዓሣዋ ላይ ሲደርሱ አቋረጡና፣ «ተረቴን መልሱ» ብለው ሊጨርሱ ሲሉ፣ ከጨለማው እናቴ ተናገረች፤

«አያ፣ ሸርጣኗስ?»

አያ ቢተው ፍሙን ቆሰቆሱ።

«ይንገሯቸው። ልጆቹ ይወቁት።»

እሳቸውም ነገሩን።

ዛሬ ያንን ተረት ለልጆቼ ስነግር በጎን እየሄዱ ይስቃሉ፤ ደስ ይለኛል፣ አልከለክላቸውም። ያን ማታ ግን ከመካከላችን የተነሣ ልጅ አልነበረም፤ እኔም ወደ እናቴ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።