የስኮትላንዱ ግብዣ በፀጋዬ ቤት

ፀጋዬ ስልኩን እንደዘጋ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ። በሸዋሮቢት በጥርም ቢሆን ረፋዱ ካለፈ ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ እሱ ግን ፀሐይ ላይ ነበር የሚመላለሰው። ሚስቱ ንግሥት ከማንጎው ሥር ሽንኩርት እየላጠች አየችው።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሚስተር ዳንከን አዲስ አበባ ገብቷል። ረቡዕ፣ ጥር አሥራ ሰባት፣ እኛ ጋ ይመጣል።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ይላል እንጂ» አለና እንደገና መዞር ጀመረ።

ዳንከን ስኮትላንዳዊ የጉድጓድ ውሃ ቆፋሪ ነበር። ፀጋዬ አሥራ አንድ ዓመት ሾፌሩ ሆኖ ይፋትን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶለታል። በየዓመቱ ጥር አሥራ ሰባት፣ የትኛውም በረሃ ይሁኑ፣ ዳንከን በድንኳኑ ግብዣ ያሰናዳ ነበር፤ የአገሩ ታላቅ ገጣሚ የተወለደበት ቀን ነው። በግ ይታረዳል። ሳንባው፣ ልቡና ጉበቱ ተከትፎ፣ ከአጃ ጋር በጨጓራው ውስጥ ተሰፍቶ ይቀቀላል። ዳንከን የአገሩ ወንዶች በበዓል የሚለብሱትን ባለ መስመር ጉርድ ቀሚስ ለብሶ ለምግቡ ግጥም ያነበንብለትና በቢላዋ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በማዕዱ ዙሪያ ያለ ሁሉ በየቋንቋው ግጥም ይላል። ተራው ፀጋዬ ጋ ሲደርስ ግን ፀጋዬ የለም፤ «መኪናዋን ልያት» ብሎ ወጥቷል። ዳንከን ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ፀጋዬ «አንድ ቀን በእኔ ቤት እንበላዋለን» ብሎት ነበር። ሰውየው ይህን አልረሳም።

ፀጋዬ አሠራሩን ሲነግራት ንግሥት ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ሳንባ? ሳንባ እኮ ለውሻ የሚጣል ነው! ደግሞ በረቡዕ! በጾም ቀን በቤቴ በግ ልታርድ?»

«ሰውየው ያለው አንድ ቀን ብቻ ነው።»

«አንድ ቀን ከሆነ የጾም ይበላ።»

ብልሃቱንም ራሷ አገኘችው። በዚያው በቀወት ወረዳ የሚመረተውን ማሾ ቀቀለች፤ አጃ ከደብረ ሲና አስመጣች፤ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ በዘይት አቁላልታ ከሁለቱ ጋር ለወሰች። በጨጓራው ፈንታ ንጹሕ አቡጀዲ እንደ ከረጢት ሰፋች። ጎረቤቷ ሳሊሃ የሠርግ ድስቷን አመጣችላት። ሴቶቹ ሲስቁ ፀጋዬ ሰማቸው፤ አብሯቸው ሊስቅ ግን አልቻለም።

ያሳሰበው ምግቡ አልነበረም። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ ልጃቸው ብሌን ስትወለድ፣ እሱ ለማጀቴና ለካራቆሬ ከተሞች ውሃ በሚቆፈርበት ሥራ ማጀቴ ነበር። ንግሥት ምጥ እንደያዛት ጠዋት መልእክት ደረሰው፤ ቤቱ የገባው ግን በሦስተኛው ቀን ነው። «መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸብኝ» አላት፤ አመነችው። መኪናው አለመበላሸቱን ከእሱ ሌላ የሚያውቀው ሰው ዳንከን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ወረደ። «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ሾፌሮቹን ይጠይቃል። ሰላም ነው ሲሉት ይከፋዋል፤ አንዱ ተጠራጥሮ ራሱን ሲነቀንቅ ደግሞ ቀለል ይለዋል። በዚህም በራሱ አፈረ።

ረቡዕ ንግሥት ከቅዳሴ ከተመለሰች በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ዳንከን ከባጃጅ ወረደ። ሸብቷል፤ ምርኩዝ ይዟል፤ ጉርድ ቀሚሱን ግን ከአዲስ አበባ ጀምሮ ለብሶ ነው የመጣው። የመንደሩ ሰው በየአጥሩ ብቅ ብቅ አለ። ሳሊሃ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ንግሥት! አንተ አላረጀህም!» አለ ዳንከን፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

በስልኩ የአገሩን የከረጢት ዋሽንት ዜማ አስጮኸ። ብሌን እንፋሎቱ የሚትጎለጎለውን አቡጀዲ በትሪ ተሸክማ ገባች። ዳንከን ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ ግጥሙን አነበነበና ቢላዋውን ሰካ። ማሾውና አጃው ፈሰሰ። ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«በግ የለም» አለ።

«ረቡዕ ነዋ!» አለች ንግሥት።

«ገጣሚያችን ቢቀምሰው ይህን ይመርጥ ነበር።» አብሮ ከቀረበው የተደፈጠጠ ዱባና ድንች ጋር ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ፀጋዬ አልበላም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በር በሩን ያያል። ዳንከን የድሮውን ጨዋታ አመጣ፤ የአሊዩ አምባን አቀበት፣ ጭቃ የዋጠውን ላንድክሩዘር። ከዚያ ወደ ብሌን ዞረ።

«አንተ የተወለድክ ቀን እኔ ቁልፉን ለአባትህ ሰጠሁ። አዲስ መኪና! ‹ሂድ፣ ሥራ ይቅር› አልኩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረሰ፣ አይደለም?»

ፀጋዬ ብድግ አለ። «ውሃ ላምጣ» ብሎ ወጣ። ውሃው ጠረጴዛው ላይ ነበር።



«መኪናው አልተበላሸም ነበር?» አለች ንግሥት ቀስ ብላ።

ዳንከን አንድ ነገር እንዳበላሸ ገባው። ይቅርታ ማለት ጀመረ፤ አማርኛው ጠፋበት። ብሌን እናቷን እያየች «እማዬ» አለች። ንግሥት ግን እጇን አነሣች።

«ቀጥሎ ምንድን ነው ሥርዓቱ?»

«ቀጥሎ... ወንድ ለሴቶች ይናገራል። ሴት ትመልሳለች።»

«ወንዱ ወጥቷል። እንግዲህ መልሱ ይቅደም።»

ስትዘፍንም ሆነ ስትገጥም ማንም ሰምቷት አያውቅም። ተቀምጣ፣ በሩ ወዳለበት አቅጣጫ፣ ለጎረቤት እንደምትጣራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለችው፦

«ለማጀቴ ውሃ፣ ለካራቆሬ ውሃ፣
እኔን ምን አገኘኝ፣ ቤቴ ሆነ በረሃ።
መሪ የለመደ እጅ፣ አንድ ቀን አያርፍም ወይ፣
ሠላሳ ዓመት ሞላኝ፣ ዓይኔ ቀርቶ በር ላይ።»

አብራ የተጋበዘችው ሳሊሃ «ወላሂ!» ብላ ጭኗን መታች፤ ወዲያው ግን የንግሥትን ፊት አይታ እጇን ሰበሰበች።

ፀጋዬ ከማንጎው ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። የግቢው በር ክፍት ነበር፤ መንገዱም ክፍት ነበር። እግሩ ወደዚያ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ተመለሰና ገብቶ ቆመ።

«ግጥም አይመጣልኝም» አለ። «በደረቁ ልናገር።»

«ተናገር» አለችው።

«የመጀመሪያው ልጃችን ሁለት ቀን ኖሮ እጄ ላይ ነው የሞተው። ታውቂያለሽ። ብሌን ልትወለድ ነው ሲሉኝ ቁልፉን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ካራቆሬ በረርኩ። ካራቆሬ ላይ መኪናውን ወደ ዳር አወጣሁ። አቆምኩ። ገብቼ ሌላ ሬሳ ከማቅፍ ብዬ... ሁለት ሌሊት መኪና ውስጥ አደርኩ። ከሸዋሮቢት የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ ‹የሞተ ሰው አለ?› እያልኩ ስጠይቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱ ‹ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች፤ ደህና ናቸው› ሲለኝ መጣሁ።»

ብሌን አለቀሰች። ዳንከን ምርኩዙን አጥብቆ ያዘ። ንግሥት ወደ ባሏ ዞረች።

«እኔስ?» አለች። «እኔ ማንን ልጠይቅ ነበር?»

ፀጋዬ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«ተቀመጥ፤ ብላ» አለችው በመጨረሻ። ድምፅዋ ውስጥ ግን ምሕረት አልነበረም፤ ቤት ያፈራውን ለእንግዳ እንደምታቀርብ ነው ያቀረበችለት። ተቀምጦ በላ።

ዳንከን ሐሙስ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ አለፈ። ከመሄዱ በፊት ንግሥት ግጥሟን በደብተሩ እንዲጽፈው እንድትደግምለት ለመናት፤ «ምን እንዳልኩ እንጃ፤ ሄዷል» አለችው። ብሌን ናት ከትውስታዋ ጽፋ የሰጠችው።

ንግሥት ሦስት ቀን ፀጋዬን ከምግብና ከውሃ በቀር አላናገረችውም። እሱም ወጥቶ ሊዞር ይነሣና ተመልሶ ይቀመጣል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ካራቆሬ የት ጋ ነው ያቆምከው?»

«ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ።»

«ምን በላህ?»

«ትዝ አይለኝም። አንዲት ሴት ዳቦ የሰጠችኝ ይመስለኛል።»

አንድ ሸሚዝ አጠፈች፤ ሌላ አነሣች። «የመጀመሪያውን ልጅ ስንቀብር ያልመጣኸውስ?»

ፀጋዬ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ይነግራት ጀመር። ጥያቄዋ በዚያ ቀን አላለቀም፤ በሚቀጥለውም ሳምንት አላለቀም።