ቀጠጥናው ሲያክልሽ

ባለፈው ሳምንት ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስገባ ሚኒባሳችን አንድ የጠጠር ክምር አጠገብ ቆመች። ፊት ለፊት ሲኖትራክ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል። ረዳቱ ወርዶ ይጨቃጨቃል፣ ሹፌሩ ጥሩንባውን አይለቅም። እኔ ደግሞ ድሮም ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልፈጠረብኝምና መስኮቱን ከፈትኩ። ጠጠሩ ሥር አንድ ቀጠጥና በቅሎ እስከ መስኮቱ ደርሷል። እጄን ዘረጋሁና ቅጠሉን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ለስላሳ፣ ጠጉራም፣ አቧራ የጠገበ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት በቅጠል ትደነግጣለች? እኔ ደነገጥኩ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከተማ ኪራይ ሲወደድብን ሱሉልታ ወጥተን በአንድ አዛውንት ገበሬ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። አዛውንቱን እናቴም እኔም «ኦቦ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ገና የገባን ሰሞን እናቴ በራችን ላይ የበቀለውን ቀጠጥና ልትነቅል ስታጎነብስ ኦቦ ሮጠው ደረሱባት።

«ተይ፣ ተይ! ጉራ ሃሬ ነው፤ የአህያ ጆሮ እንለዋለን እኛ። ሥሩ ለጥጃ መድኃኒት፣ ቅጠሉ ለቁስል። ይኑር።»

ኖረ። ግን እንዴት ያለ መኖር መሰለሽ! ሰፋፊ ግራጫ ቅጠሉን እንደ ጎመን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ዓመት ሙሉ ስንዝር ከፍ ሳይል ተኛ። ውሻ ይረግጠዋል፣ ዶሮ ይጭረዋል፣ እሱ ግን ምንም አይመስለውም። ሲያበሳጨኝ!

አባቴ ግሬደር ነጂ ነበር። ሰኔ ሲገባ ክረምት የማያግደው ሩቅ ቆላ አገር የመንገድ ሥራ አገኘ። የሚሄድ ዕለት እግሩ ላይ ተጠምጥሜ አልለቅም አልኩ። «መቼ ነው የምትመጣው? መቼ? መቼ?» ሲጨንቀው ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ ቀጠጥናው ላይ አረፈ።

«ይሄ ሲያክልሽ እመጣለሁ» አለኝ።

ከተሜ አይደል? ዓመት ሙሉ ስንዝር ያላደገ ነገር እኔን እስኪያክል ዘመን የሚፈጅ መስሎታል። ኦቦ ጥጃ እያሰሩ ሰምተውታል፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ወይ ሰው!» ብቻ አሉ። እኔ ግን እግሩን ለቀቅኩ። ቀጠሮ ተሰጥቶኛል፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣሁ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ወጥቼ በስንዝሬ እለካዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ እለካዋለሁ። እንዲያድግልኝ ብዬ በዚያ ሁሉ ዝናብ ላይ ውሃ አጠጣው ነበር። ኦቦ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ።

«ኢንታሎ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄ ውሃ አይለምንም። አንድ ዓመት ይተኛል። ሲነሳ ግን የሚቀድመው የለም።»

ሐምሌ ላይ ተነሳ። ከመካከሉ ነጭ ፀጉር የለበሰ ዘንግ አወጣና ሽቅብ ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቴ ደረሰ። ጮቤ ረገጥኩ። በዐሥር ቀኑ ወገቤን አለፈ። ሁልጊዜ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሜ ከአስፋልቱ የሚታጠፈውን መኪና ሁሉ አያለሁ። የእርጥብ አፈርና የናፍጣ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ዛሬም አንገቴ ወደ መንገድ ይዞራል።

ደረቴ ጋ ሲደርስ ደስታዬ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። የአባቴ ወሬ የለም። ስልክ ያኔ በየሰዉ እጅ አልነበረም። ቀጠጥናው አክሎኝ እሱ ካልመጣ አባቴ ዋሸኝ ማለት ነው። ያ እንዳይሆን ደግሞ የማላደርገው ነገር አልነበረም። ትከሻዬን ሲነካ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንከባልዬ አመጣሁና እሱ ላይ ቆሜ ተለካሁ። «ሲያክልሽ» ነው ያለው፣ ድንጋይ ላይ አትቁሚ አላለም! ሌላ ድንጋይ ደረብኩ። ከዚያ ባልዲ ገልብጬ ወጣሁበትና ወደቅኩ፤ ጉልበቴ ተላጠ። ኦቦ የዚያኑ መከረኛ ቅጠል አሽተው ቁስሌ ላይ አደረጉልኝ።

እናቴ በመስኮት ታየኛለች። አንድም ቀን ግን «ተይ» አላለችኝም፤ «ይመጣል»ም አላለችኝም። ያ ዝምታዋ ያናድደኝ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ምሽት ስለካው፣ ያለ ድንጋይ በባዶ እግሬ ቆሜ ግንባሬ ላይ ደርሷል። አንዲት ጣት ቢቀረው ነው። እያለቀስኩ ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ አናቱ የለም። አገጬ ጋ ተቆርጧል። ጩኸቴን አቀለጥኩት። ኦቦ እየሮጡ መጡ። የተቆረጠውን አዩ፣ የቤታችንን በር አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«የኔ ፍየል ናት» አሉኝ። «ዲፈማ ኢንታሎ ኮ፣ ይቅር በይኝ። አስራታለሁ።»

እውነትም ፍየሏ ሳምንት ሙሉ ታሰረች። በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር እሰድባታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ አይደል? አፌ ሲያለቅስ ሆዴ ግን እፎይ ብሎ ነበር። አባቴ ገና ጊዜ አለው።

ቀጠጥና ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፍ አይደለም። አናቱ ሲሄድ ጎኑን አበዛ። አራት ቅርንጫፍ አወጣና፣ መስቀል ሳይደርስ አራቱም በቢጫ አበባ ተሞልተው ራሴን አልፈው ሄዱ። አንዱን መጠበቅ ያቃተኝ ሴትዮ አራቱን ልጠብቅ? መለካቴን ተውኩ።

አባቴ በጥር መጣ። ቀጠጥናው ዘሩን አራግፎ ደርቆ ቆሟል። ሙዝ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ሦስት ሌሊት አድሮ ልብሱን ሰበሰበ። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ትከሻው የደረቀውን ዘንግ ገጨው፤ ገፋ አድርጎት አለፈ። ዞሮ ያያል ብዬ ጠበቅኩ። አላየም። ምነው ያኔ አፌን ከፍቼ በጠየቅኩት! ከዚያ በኋላ ወሬውን ብቻ ነው የሰማነው፤ መንገዱ ባለቀበት አገር ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ።

ያን የጠጠር ክምር ያየሁ ዕለት ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። አሁን አብራኝ ነው የምትኖረው። ምስር እየለቀመች ነበር።

«እማዬ፣ የኦቦን ፍየል ታስታውሻለሽ? አናቱን የበላችብኝን?»

«ፍየል ቀጠጥና አትበላም» አለች ቀና ሳትል። «ጠጉሩ ጉሮሮዋን ያሳክካታል።» ጥቂት ምስር ለቀመች። «እኔ ነኝ። በሽንኩርት ቢላ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እንዳላዝን ብለሽ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ።» እጇ ቆመ። «አንቺ ስትተኚ እኔም እወጣና እለካው ነበር። አንቺ በምትደርሺበት ቁመት ላይ እጄን አድርጌ፣ ይህን ታህላለች እያልኩ። ሳያክላት ይመጣል ብዬ ነበር እኮ። አምኜው ነበር እኮ፣ ልጄ።»

እኔ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዝምታዋ ስንት ጊዜ ተቀየምኳት! ሰፌዱን ከጭኗ አነሳሁና እኔ መልቀም ጀመርኩ። እሷ ውሃ ልቅዳ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። የቀዳነው ውሃ ገና አልተነካም ነበር። አልተከተልኳትም፤ እስክትመለስ ጠበቅኳት።