የድኩላ ሳር

የአጥሩን ሽቦ የቆረጠችው እሷ ናት እያሉ የሚያሙኝ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ አሁንም አሉ። ለቅሶ ቤት ስገባ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉትን ሴቶች አውቃቸዋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም። የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ፤ ያላመነ ይተወው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ መጻፍ አያቅተኝም። ይህንን የረሱ አሉ።

የምኖረው ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት አለፍ ብሎ፣ ከቀሩት ጥቂት የጭቃ ቤቶች በአንዱ ነው። ሕንፃዎቹ የቆሙበት መሬት ጤፍ ሲዘራበት አይቻለሁ። ከፊሉ የባሌ ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ ስለ መሬቱ አፍ ሆኖ የተናገረው ታላቅ ወንድሙ፣ ዋርሳዬ ነው። መሬቱን ለሕንፃ የፈለጉ ሰዎች መጥተው ቤተሰቡ ምን ይላል ብለው ሲጠይቁት «ተስማምተናል» አላቸው። እኔ ጓሮ ነበርኩ። ማንም አልጠራኝም። እሱ ዛሬ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለው፣ ጊደሮችም ያረባል። ለእኔ ይቺ ቤትና አንዲት ላም ቀሩኝ። ከዚህ በላይ ስለዚያ አልናገርም።

ላሟ ጥቁር ሆና ግንባሯ ላይ ቦቃ ያላት ነበረች። ጠዋትና ማታ አልቤ፣ ወተቱን በውሃ ፕላስቲክ ሞልቼ ኮንዶሚኒየም ለኮንዶሚኒየም አዞር ነበር። ጉልበቴን የጨረሰው ያ ደረጃ ነው። የከብት መኖው፣ ፉርሽካና ፋጉሎው፣ ዋጋው የማይቀመስ ከሆነ ቆይቷል፤ ላሟን ያቆያት ከተራራው የማጭደው ሳር ነው። ሳሩ ከቀረ ላሟ ትቀራለች፣ ላሟ ከቀረች እኔ የሰው እጅ አያለሁ። ስብሰባው ላይ ልናገር የሄድኩትም ይህንኑ ነው። ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ድረስ በልቤ እየደጋገምኩት ሄድኩ።

ስብሰባውን የጠራው አንድ ድርጅት ነው። ተራራውን አጥሮ፣ ድሮ ኖረውበት የጠፉትን ድኩላዎች ከሌላ ቦታ አምጥቶ ሊመልስ አስቧል፤ የነዋሪውን አስተያየት መስማት ይፈልጋል ተባለ። ከፊት ወንበር ላይ አንዲት እንግሊዛዊት ተቀምጣለች። በእኔ ዕድሜ ናት፣ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ ነው። የምታስተረጉምላት ቦሌ ቢሮ የምትሠራ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ከእኔ ወተት የምትገዛ ልጅ ነበረች።

ሴትየዋ ስለ አገሯ ነገረችን። ተኩላውን፣ ድቡን፣ ሊንክስ የሚሉትን ጆሮው ፀጉራም የዱር ድመት፣ ሁሉንም አባቶቻቸው ፈጅተዋቸዋል። ወንዝ የሚገድብ ቢቨር የሚባል እንስሳም ነበራቸው፤ ለቆዳው ብለው ጨረሱት። አሁን ቢቨሩ በአንዳንድ ወንዞች ተመልሷል። ከከተማ ሄዶ የሚያየው ሰው ይደሰታል፣ ማሳው ውሃ የተኛበት ገበሬ ደግሞ ይራገማል። ሊንክሱን በተመለከተ ገና አልተስማሙም። ከተማ ያለው ሰው ይምጣ ይላል፣ በግ የሚያረባው አይምጣ ይላል። ቤት ለቤት እየሄዱ ይጠይቃሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ እንደገና ይጠይቃሉ። ሴትየዋ ይህንን የተናገረችው እንደ ጉራ አይደለም፤ የደከማት ትመስል ነበር። በስልኳ ላይ የሊንክሱን ፎቶ አሳየችን፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ከኋላዬ የተቀመጠ፣ ሰፈሩን ሁሉ በቀልድ የሚያስቅ ሽማግሌ እጁን አውጥቶ፣ ለምን ይቸገራሉ፣ ጅብ ካማራቸው እኛ በነፃ እንሰጣቸዋለን፣ መጓጓዣውን ብቻ ይቻሉ አለ። አዳራሹ ሳቀ። ልጅቷ ስታስተረጉምላት ሴትየዋም ሳቀች። አንድ ከኮንዶሚኒየም የመጣ ባለ ከረባት ደግሞ ልጆቻችን እንስሳ የሚያውቁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው፣ ይህ ለትውልድ የሚጠቅም ነው ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። እሱ ሳር አያጭድም። መኪናው ሳር አትበላም።

እጄን አወጣሁ። አወያዩ አየኝ፤ ቀጥሎ እሰጥሻለሁ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በፊት ግን የአገር ሽማግሌ ይናገር ተባለና ዋርሳዬ ተነሳ።

የተነሳው አስተያየት ሊሰጥ ሳይሆን ሊመርቅ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌ ይመርቃል። የእንግዳውን ሐሳብ ወደድከውም ጠላኸውም መመረቅ አይቀርም፤ ውሃ እንደማቅረብ ነው። በኦሮምኛ ጀመረ። ዝናቡ በጊዜው ይዝነብ፣ አሜን። ከብቱ ይርባ፣ አሜን። የመጣችው እንግዳ በሰላም ትግባ፣ አሜን። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረና የታሰበው ይሳካ፣ የጠፋው ይመለስ፣ ተራራው ይለምልም አለ። አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። እኔም ብያለሁ። ምርቃት ላይ አፉን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ወጣት ቆሞ ይቀርጽ ነበር።

ዋርሳዬ ሲቀመጥ አወያዩ ህብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ደግፏል፣ እናመሰግናለን አለና ለስላሳ መታደል ጀመረ። እጄ እንደወጣ ነበር። አወረድኩት።

ውጭ ሴትየዋንና ልጅቷን ጠብቄ መንገድ ዘጋሁባቸው።

«ልጄ፣ ንገሪልኝ፤ አሜን ያልኩት ለምርቃቱ ነው። ለአጥሩ አይደለም።»

ልጅቷ ወደ ዋርሳዬ ዞር ብላ አየችና ለሴትየዋ አንድ ነገር አለቻት። ሴትየዋ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምን ብለሽ ነገርሻት?»

«ሳር እንዳይቸግርዎት ስጋት አለዎት አልኳት፣ እማማ።»

«እሷስ?»

«እኛም አገር ባለ በጎቹ እንደዚህ ይላሉ ነው የምትለው። ስጋትዎ ተይዟል።»

«ባለ በጎቹን ምን አሏቸው ታዲያ?»

«ገና እየጠየቋቸው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ልጅቷ ጠየቀችልኝ። ብዙ ዓመት ሆኖናል አለች ሴትየዋ። እኛን የጠየቁን ከጠዋት እስከ ምሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለነዚያ አይቻቸው ስለማላውቅ በግ አርቢዎች ብዙ አስቤያለሁ። ቢያንስ እምቢ ያሉት ተሰምቶላቸዋል።

አጥሩ ከገና በፊት አለቀ። የጥበቃዎቹ አለቃ ሆኖ የተቀጠረው የዋርሳዬ ልጅ ነው። ዋርሳዬ ራሱ ድርጅቱ የሰጠውን ጃኬት በፀሐይም ማውለቅ ተወ። ከጓደኞቹ ጋር በሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አግኝቼ ለመንኩት። መለመን እንደማልወድ ያውቃል።

«ጋሼ፣ ሌላው ይቅር፤ በአጥሩ ውስጥ ከታች በኩል ያለውን ጥግ ብቻ ልጨድ።»

«ድኩላው ምን ሊበላ ነው?»

«ድኩላው የታለ? ገና አልመጣም እኮ።»

«ሲመጣስ? ደግሞ አሜን ስትዪ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ።»

አብረውት የተቀመጡት ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ሄድኩ።

ገለባ በዱቤ ወሰድኩ፣ የጎመን ልቃሚ ከጉልት ለቀምኩ፣ የድንች ልጣጭ ከየበሩ ሰበሰብኩ። ወተቱ በየቀኑ ቀነሰ። የላሟ የጎን አጥንት ከሩቅ መታየት ሲጀምር፣ የካቲት ላይ፣ ከለገጣፎ ወዲያ ለመጣ ሰው ሸጥኳት። ለእርድ አይደለም ብሎ ማለልኝ። አላመንኩትም፤ ግን ገመዱን ሰጠሁት። አልሄድም ብላ ስታስቸግረው እኔው ራሴ እስከ አስፋልቱ ድረስ ነዳሁለት።

ድኩላዎቹ የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ልጆቹን ይዞ፣ ስልኩን ወድሮ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ለምን ወጣሽ ያሉኝ አሉ፤ መንገድ የሁሉም ነው። ከአጥሩ ውስጥ ሳሩ ወገብ ደርሶ፣ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። እንስሶቹ ከመጡበት ሳጥን ሲለቀቁ ሰው አጨበጨበ፣ እነሱም ደንግጠው ሳሩ ውስጥ ገቡ። ባለ ከረባቱ ከጠፉበት ተመለሱ ብሎ ለልጁ ሲነግረው ሰማሁ። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ ባቄላችንን ሌሊት እየገቡ ይጨርሱት ነበር፤ አባቴ ማማ ላይ እያደረ ወንጭፍ ሲያጮህባቸው ሰምቻለሁ። ጫካው ተቆርጦ መግቢያ ሲያጡ ሰው አሯሩጦ በላቸው። አባቴም በልቷል። ይህንን ስብሰባው ላይ የጠየቀ አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ውሾች አጥር ውስጥ ገብተው ግማሾቹን ድኩላዎች ዘንጥለው ተገኙ። በሸለቆው በኩል ሽቦው ተቆርጧል። ወሬው ከመቅጽበት ኮንዶሚኒየሙን ሞላው፤ የቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ የሞቱት ድኩላዎች ፎቶ ዞረ፣ የሚያለቅስ ምልክት ተደረደረበት። ከዚያ ወተት ትሸጥ የነበረችው ሴትዮ ማጭድ ይዛ ትዞራለች የሚል ተጻፈ። ይህንን ያሳየችኝ ያቺ አስተርጓሚ ልጅ ናት። አንብቤ ስልኳን መለስኩላት።

በዚያው ቀን ሽማግሌዎች፣ የወረዳው ሰውና የድርጅቱ ሰው ባሉበት አጥሩ ሥር ተጠራሁ። ዋርሳዬ ቀድሞ ተናገረ። ይቺ ሴት ከመጀመሪያውም ልቧ ቂመኛ ነው፣ ወንድሜ እያለም እንዲሁ ነበረች፣ ለሳር ብላ ነው ሽቦውን የቆረጠችው አለ። ወንድሙን ማንሳት አልነበረበትም። ያ ባይሆን ዝም ብዬ ልመለስ እችል ነበር።

«ላሜን የሸጥኩት በየካቲት ነው» አልኩ። «ገዢውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ግቡና እበቱን እዩ።»

የወረዳው ሰው አልገባውም። «ምን እበት?» አለ። ሽማግሌዎቹ ግን ገብቷቸው መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ገባን። በተቆረጠው ሽቦ አጠገብ ሳሩ እስከ ሥሩ ተግጧል። እበቱ በየቦታው ተጥሏል፤ የትናንትናው ገና እርጥብ ነው፣ ዝንብ ወሮታል። የኮቴው ዱካ ጭቃው ላይ እስከ ሽቦው ይሄዳል። ሽቦው ሲዘጋና ሲከፈት እንዲመች በኤሌክትሪክ ገመድ እንደ በር ታስሯል፤ በዋዜማው ማታ ሳይታሰር ቀርቶ ነው ውሾቹ የገቡት። ከግቢዬ ሆኜ ጊደሮቹ አመሻሽ ላይ በሸለቆው ሲነዱ ሳይ ሰንብቻለሁ። በዚያ ሰፈር ጊደር ያለው ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።

የወረዳው ሰው የማን ከብት ነው ብሎ ጠየቀ። ያ ቀልደኛ ሽማግሌ ብቻ እበቱን በዱላው ነካ አድርጎ፣ «ይሄኛው ድኩላ እምቧ ይላል ማለት ነው» አለ። የሳቀ የለም።

ቃለ ጉባኤው ላይ ያልታወቁ ሰዎች ተብሎ ተጻፈ። ሽቦው ተጠገነ። ሌሎች ድኩላዎች ሊመጡ ነው ይባላል። ዋርሳዬ አሁንም እንግዳ ሲመጣ ይመርቃል፣ ልጁም አሁንም የጥበቃዎቹ አለቃ ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት የሚለውን ወሬ ያስተባበለ ሰው የለም። እበቱን በዓይናቸው ያዩት ሽማግሌዎች እንኳ ሲጠየቁ እንጃ ነው የሚሉት።

በዚያው ሳምንት ዋርሳዬ ቤቴ መጣ። ጃኬቱን አልለበሰም። በሩን ከፈትኩ እንጂ ግባ አላልኩትም።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

«እበቱን ነው ያሳየሁት።»

ዝናቡ ኮፍያው ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገሩን እዚህ ላይ እንተወው፣ እበቱ ከአጥሩ በፊት የቆየ ነው ብትዪልኝ ይበቃል፣ ከእንግዲህ አመሻሽ ላይ እየገባሽ የፈለግሽውን ያህል እጨጂ፣ ልጄ አላየሁም ይላል አለኝ።

«ለማን?» አልኩት።

«ምን ለማን?»

«ለማን ልጨድ?»

ወደ በረቱ ዞሮ አየ። በረቱ ባዶ ነው፤ በሩም የለም። አየሁት፤ አላስመሰለም፣ በእውነት ረስቶታል፤ አጥሩ ሥር ላሜን ሸጥኩ ስል እንኳ የሰማው እበቱን ብቻ ነው። ጓደኞቹን ሲያስቅብኝ የለመንኩት ለምን እንደነበር፣ በኋላም ምን እንደሆንኩ፣ አንዱም ትዝ አላለውም። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። በሩን ዘጋሁበት።

በማግስቱ በረቱን አፈረስኩ። እንጨቱ ደረቅ ነበር፤ ክረምቱን በሙሉ ማገዶ ሆነኝ። አሁን የሻይ ወተቴን እንደ ኮንዶሚኒየሙ ሰው ከሱቅ በላስቲክ እገዛለሁ። ውሃ ውሃ ይላል።