አባቴና እናቴ ከኒሙ ሥር

ዛሬ ከቀትር በኋላ ጎረቤቴ ደጁን ውኃ ስታርከፈክፍ የእርጥብ አሸዋና የኒም ቅጠል ሽታ በመስኮት ገባና ብዕሬን አስቀምጬ ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። ብዕሬ እንዲሁ በቀላሉ አይቀመጥም፤ በከተማችን ከሳቢያን እስከ መልካ ጀብዱ የእኔን የመሰለ ማመልከቻ የሚጽፍ የለም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ሰዋስውንም፣ ፈረንሳይኛንም፣ ጥቂት ሕግንም ያለ አስተማሪ ተምሬአለሁ። እውነት ስለሆነ ነው የምናገረው።

ወላጆቼ ከየመን በጀልባ ተሻግረው የመጡ ናቸው። አባቴ መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጥ ነበር። አማርኛው ወንዱን ሁሉ ሴት ያደርግ ስለነበር፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ይዞኝ አንድ ቢሮ ገብቶ ሹሙን «ጌታዬ፣ አንቺ ፈርሚልኝ» ቢላቸው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። እሱም አብሮን ሳቀ፤ ቤት እንደገባን ግን እኔን እያሳየ እናቴን፣

«ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቤት ዐረብኛ የለም! ይህች ልጅ እንደ እኔ መሳቂያ አትሆንም» አላት።

«አቦ! እኔ ምን ላውራ? የማውቀው አማርኛ ‹ጨው› እና ‹ና ብላ› ብቻ!»

«ይበቃል። ልጅ በሱ ያድጋል።»

እኔም በሱ አደግኩ። የነበረችኝ ዐረብኛ እንደ ደጫቱ ወንዝ ውኃ አሸዋ ውስጥ ሰርጋ ቀረች፤ ወሬ የማይጠግቡት ሁለቱ ሰዎችም ማዕድ ላይ ጨው ከመቀባበል በቀር ዝም አሉ። ከተማው በሙቀት በሚያሸልብበት ሰዓት ግን፣ እንቅልፍ የወሰደኝ ሲመስላቸው፣ ደጃችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሰሌን ዘርግተው ይቀመጡና ያወሩ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ፤ የማይገባኝ ቃል ከቅጠሉ ሹክሹክታ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፣ መሐሉ ላይ ቤት ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው የእናቴ ሳቅ ይፈነዳል። አንድ ቀን በር ላይ ብቅ ብል ሁለቱም ጸጥ አሉ። «ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?» አለኝ አባቴ። ከዚያ ወዲህ የተኛ መምሰልን ተማርኩ፤ እሱንም ማንም አላስተማረኝም።

እናቴ ቀድማ ሞተች፤ አባቴ ከዛፉ ሥር የሚያዋራው አጣ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አማርኛው ጥሎት ሄደ። እጄን ይዞ፣ ፈገግ እያለ፣ በዐረብኛ ረጅም ነገር ነገረኝ። ስንቱን ባለሥልጣን በቃል ያንበረከክኩ ሰው «እሺ አባዬ» ብቻ አልኩት። የያዝኩትን ያህል ድምፁን በፊደላችን ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

መጋላ ብወርድ የትኛውም ባለሱቅ ባንድ ትንፋሽ ይተረጉምልኛል። ለእኔ የተነገረውን ግን ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልፈልግም። የልጆች የዐረብኛ መማሪያ ገዝቼ፣ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ከኒሙ ሥር እቀመጣለሁ፤ ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነው። እስካሁን የለየሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጥላ የሚለውን።